ለምርምር ገንዘብ ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥሩ የምርምር ሐሳብ ያለው ሰው ገንዘብ ተከልክሎ ሲቀር ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳይንሱ አይደለም፤ ማመልከቻው የተጻፈው ማን፣ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያነበው ሳይታሰብ ነው።

ገንዘብ ሰጪው የሚያወጣውን የማመልከቻ ጥሪ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማንበብ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለፕሮጀክት መግለጫ በአብዛኛው የሚፈቅደው 15 ገጽ ነው። ከዚያ ያለፈ ወይም የተጠየቀ ሰነድ የጎደለው ማመልከቻ ጭራሽ ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል። የወራት ድካም በአንድ ትርፍ ገጽ እንዳይቀር ጥሪውን አትመው መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉባቸው።

አንዱን ጽሑፍ ለሁሉም መላክ። ይኸው ፋውንዴሽን ከ1997 ጀምሮ ማመልከቻን የሚመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ በሳይንሳዊ ፋይዳውና ለኅብረተሰቡ በሚያስገኘው ጥቅም። በ2007 የተቋቋመው የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ግን መመዘኛው ሳይንሳዊ ልቀት ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛው ጋ ነጥብ የሚያስገኝልዎ አንቀጽ ሌላኛው ጋ ቦታ ከመያዝ አያልፍም።

የራስ ሙያ ሰው ብቻ እንደሚያነበው አድርጎ መጻፍ። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች አሠራርን እንይ። አንድን ማመልከቻ በጥልቀት የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ገምጋሚዎች ናቸው። ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ምርጡ 1 ነው። በመጀመሪያው ነጥብ ደካማ ሆነው የተገኙት፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው፣ በገምጋሚዎች ጉባኤ ስብሰባ ላይ ውይይት እንኳ አይደረግባቸውም። ለውይይት የደረሰውን ሦስቱ ለጉባኤው ያስረዳሉ፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን ሌሎቹም አባላት ናቸው። እነዚያ ደግሞ ሥራዎን የሚያውቁት ከሚሰሙት ገለጻና ገለጥ አድርገው ካዩት ገጽ ነው።

እንግዲህ እርስዎ በሌሉበት የሚሟገትልዎ ሰው ያስፈልግዎታል፤ የሚናገረውንም የሚያቀብሉት እርስዎ ነዎት። ጥያቄው ምንድን ነው? እስካሁን ለምን አልተመለሰም? እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ሦስቱም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታዩ። ከማስገባትዎ በፊት ያንን ገጽ በሌላ ዘርፍ ለሚሠራ ባልደረባ ይስጡትና ሰነዱን አስቀምጦ በራሱ አነጋገር እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ከተደናገረ ገምጋሚውም ይደናገራል። አንቀጹን እንደገና ይጻፉት እንጂ ለባልደረባዎ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ ስብሰባው ላይ ያንን ዕድል አያገኙም።

ዓላማዎችን አንዱን በሌላው ላይ ማንጠልጠል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓላማ የመጀመሪያው ካልተሳካ የሚወድቁ ከሆነ ልምድ ያለው ገምጋሚ ወዲያው ያየዋል። መላምቱ ስህተት ሆኖ ቢገኝም ትምህርት የሚሰጥ ጥናት ይንደፉ። ሊበላሽ የሚችለውን ነገርና ያኔ የሚይዙትን አማራጭ መንገድ በግልጽ ይጻፉ። ስጋትን መደበቅ ስጋቱን እንዳላዩት ያስቆጥራል።

በጀቱን ለመጨረሻዋ ሌሊት መተው። የተጋነነ ብቻ ሳይሆን ያነሰ በጀትም ያስጠረጥራል፤ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም ያሰኛል።

ውድቅ መደረግን እንደ መጨረሻ ፍርድ መቁጠር። በ2018 በታተመ አንድ ጥናት 43 ገምጋሚዎች ለብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የቀረቡ 25 ማመልከቻዎችን እንዲገመግሙ ተደርጎ ነበር። በአንድ ማመልከቻ ላይ በሰጡት ነጥብ መካከል ስምምነት አልተገኘም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እኩል የሆኑ ማመልከቻዎችን መለየት ሲያቅት ዕጣ እስከማውጣት የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

አስተያየቱ ሲደርስዎ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡት፤ ንዴቱ በረድ ሲል መልሰው ያንብቡት። ገምጋሚው በተሳሳተ መንገድ የተረዳዎትን ቦታ ይፈልጉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ያልነበረው እዚያ ነው። ዳግም ከማስገባትዎ በፊት ግን ደንቡን ይዩ። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘ አመልካች በተከታዩ ጥሪ እንዳይወዳደር ሊከለክል ይችላል፤ ስለዚህ ያልበሰለ ሐሳብ ቸኩሎ ማስገባት ቀጣዩን ዓመትም ያሳጣል።