እንግሊዝ ውስጥ ቤት ስትከራዩ ኤጀንቱ የማይገባውን እንዳያስከፍላችሁ

እንግሊዝ ውስጥ ቤት ልትከራዩ ከሆነ ይቺን ያዙ። እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ኤጀንትም ሆነ አከራይ ቤት ለማሳየት፣ ገቢያችሁን ለማጣራት ወይም ውል ለማዘጋጀት ብሎ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። በሕግ የተከለከለ ነው።

ስትገቡ የሚጠየቀው ኪራዩ፣ ቤቱን ለማስያዝ ቢበዛ የ1 ሳምንት ኪራይ፣ እና ስትወጡ የሚመለስ ዲፖዚት ነው። የዓመቱ ኪራይ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ዲፖዚቱ ከ5 ሳምንት ኪራይ አይበልጥም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሂሳቡ ላይ ነው። የሳምንቱን ለማወቅ የወሩን ለ4 አታካፍሉ። በ12 አባዙና ለ52 አካፍሉ። በወር 1,300 ፓውንድ ከሆነ ሳምንቱ 300 ነው፤ ለ4 ካካፈላችሁት ግን 325 ይመጣል። ስለዚህ ዲፖዚቱ ቢበዛ 1,500 ነው። 1,625 ካሏችሁ 125 ፓውንድ ያለአግባብ ሊወስዱባችሁ ነው።

አከራዩ ሐሳቡን ከቀየረ ቤቱን ለማስያዝ የከፈላችሁትን በ7 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እናንተ ከተዋችሁት ወይም የተሳሳተ መረጃ ከሰጣችሁ ግን ሊያስቀረው ይችላል። ቁርጥ ሳታደርጉ አትክፈሉ።

አዲስ የመጡ ልጆቻችን «አሠራሩ ነው» ሲባሉ ከፍለው ዝም ማለታቸው በጣም ያንገበግበኛል። ክፍያው የምን እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት። እምቢ ካሉ ለአካባቢያችሁ ካውንስል፣ ትሬዲንግ ስታንዳርድስ ለሚባለው ክፍል አመልክቱ። ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጣቸው ይችላል። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።