የፍልሚያ ሌሊት ግምት፦ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነሐሴ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ። የፍልሰታ ጾም የመጨረሻ ቀን ስለነበር እናቴ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። አሜሪካ ውስጥ በሶልት ሌክ ሲቲ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነው። ናይጄሪያዊው ካማሩ ኡስማን የዩኤፍሲ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የሚቀላቀሉበት የፍልሚያ ውድድር) የዌልተር ሚዛን ቀበቶውን ላለማስነጠቅ ከእንግሊዙ ሊዮን ኤድዋርድስ ጋር እየተፋለመ አራት ዙር አልፏል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዙር የኡስማን ነበሩ። አምስተኛው ዙር ሲጋመስ ዋሽንግተን ለሚኖረው ጓደኛዬ «አለቀ፤ ኡስማን አሸነፈ» ብዬ ጻፍኩለት። ፍልሚያው ሊያበቃ 56 ሰከንድ ሲቀረው የኤድዋርድስ ግራ እግር የኡስማንን ጭንቅላት አገኘው፤ ሻምፒዮኑም በጀርባው ተዘረረ። ያቺ መልእክቴ እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ስልክ ውስጥ አለች፤ ትልቅ ፍልሚያ በቀረበ ቁጥር ምንም ቃል ሳይጨምር መልሶ ይልክልኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግምቴን የምጽፍበት አንድ ደብተር ያዝኩ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ።

የአሸናፊውን ስም ብቻ መናገር

«ኡስማን ያሸንፋል» ማለት ገና ግማሽ ግምት ነው። እንዴት እንደሚያሸንፍና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንን ካልተናገርን ከፍልሚያው በኋላ የምንማረው ነገር የለም። በደብተሬ ላይ አሁን ለእያንዳንዱ ፍልሚያ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ማን፣ በምን (በዝረራ፣ በማነቅ ወይስ በነጥብ)፣ ከአስር ስንት።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። «ከአስር ሰባት» ያልኩለት ተፋላሚ ከአስሩ ሦስቱን ይሸነፋል ማለቴ ነው፤ እሱ ሲሸነፍ ሰማይ እንደተደፋብኝ የምጮኸው ታዲያ ለምንድን ነው? የእግር ኳስ ውርርድ ቲኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሒሳብ በኪሱ ያውቀዋል። አምስት ፍልሚያ መርጠን በእያንዳንዱ ላይ ከአስር ሰባት እርግጠኛ ብንሆን፣ አምስቱንም በትክክል የመምታት ዕድላችን ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ፍልሚያ ያለበትን ሙሉ ሌሊት እንምታ ካልን ደግሞ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ሁሉንም ገምቼ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደብተሩን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ያሳየኝ የለም።

ከአንድ አጭር ቪዲዮ ሰውን መለካት

ታኅሣሥ 2015 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ላስ ቬጋስ ላይ አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሬገር ብራዚላዊውን ጆዜ አልዶን በ13 ሰከንድ ዘረረው። ያን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከ13 ሰከንድ ምን ይታወቃል? ግራ እጁ ከባድ እንደሆነ ይታወቃል። በሁለተኛው ዙር ትንፋሹ እንዴት እንደሚሆን፣ ቡጢውን ተቀብሎ ከማይወድቅ ሰው ጋር ሲገጥም ምን እንደሚያደርግ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ አንገቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ግን ቪዲዮው ምንም አይናገርም።

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። መጋቢት 2016 ላይ ሊገጥመው የነበረው ሻምፒዮን እግሩን ተጎዳ፤ በምትኩ ኔት ዲያዝ 11 ቀን ሲቀረው ተጠራ። የሚበዛው ሰው የ11 ቀኑን ነገር አይቶ ዲያዝን ጨርሶ ረሳው። እኔም ረስቼዋለሁ። ዲያዝ ረጅም ነው፤ ረጅም ርቀት መሮጥና መዋኘት የሚወድ፣ በብራዚል ጁጂትሱ (መሬት ላይ እየታገሉ በማነቅና በመቆለፍ የሚያሸንፉበት ስፖርት) ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው ነው፤ ፍልሚያውም በ170 ፓውንድ፣ ማለትም በ77 ኪሎ ገደማ ተደረገ፤ ማክግሬገር አልዶን ከዘረረበት ሚዛን 25 ፓውንድ ይበልጣል። በመጀመሪያው ዙር የዲያዝ ፊት በደም ተሸፈነ፤ በሁለተኛው ማክግሬገር ደከመ፣ ቡጢ ቀመሰ፣ ወደ ትግል ሸሸ፣ እዚያም ታንቆ እጅ ሰጠ።

ከዚህ የወሰድኩት አንድ ልማድ አለ። ከግምት በፊት ተፋላሚው የተሸነፈበትን ወይም ክፉኛ የተቸገረበትን ፍልሚያ ፈልጌ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ያሸነፈበትን ማንም ያሳየኛል።

«እሱን ካሸነፈ ያንንም ያሸንፋል»

ይህኛው በአንድ ምሳሌ ያልቃል። ሐምሌ 2022 ላይ አሌክስ ፔሬራ ሾን ስትሪክላንድን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ሚያዝያ 2023 ላይ እስራኤል አዴሳንያ ፔሬራን ዘረረው። እንግዲህ አዴሳንያ ስትሪክላንድን እንደ ቁርስ ይበላዋል ተባለ። መስከረም 2023 ሲድኒ ላይ ስትሪክላንድ አምስት ዙር ሙሉ ወደፊት እየተራመደ፣ ሦስቱም ዳኞች 49 ለ46 ሰጥተውት ቀበቶውን ወሰደ። ሦስት ሰዎች፣ ክብ ሠርተው ተበላልተዋል። ፍልሚያ የሚወሰነው ማን ከማን «ይበልጣል» በሚል ተዋረድ ሳይሆን የአንዱ ልማድ የሌላውን ልማድ ሲያገኝ በሚሆነው ነገር ነው።

ልብ የወደደውን መገመት

በ2021 ኡስማን፣ አዴሳንያና ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆኑ አፍሪካውያን ተመልካቾች የተሰማንን ለማስረዳት አልሞክርም። ንጋኑ በባቲዬ መንደር በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ፣ ሰሐራን አቋርጦ ፓሪስ ሲደርስ ማደሪያ ያጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድ የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እንዴት አልወደው?

ጥር 2018 ላይ ስቲፔ ሚዮቺችን ሲገጥም እንደሚዘርረው አንዳች ጥርጣሬ አልነበረኝም። በፊቱ አሊስታይር ኦቨሪምን በአንድ ቡጢ ሲያስተኛ አይቼው ነበርና። ሚዮቺች ግን የትግል ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ማዕበል አሳለፈና ለአምስት ዙር እየጣለ፣ እየተጫነ አደከመው። ሦስቱም ዳኞች 50 ለ44 ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በመጋቢት 2021 ንጋኑ ታግሎ መከላከልንና መታገስን ተምሮ መጣና ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ያኔ ግን እኔ በፍርሃት «ሚዮቺች» ብዬ ነበር። በፍቅር የተቃጠለ ገማች ቀጥሎ በፍርሃት ይሳሳታል፤ በሁለቱም ጊዜ የገመትኩት የራሴን ስሜት ነው፤ ፍልሚያውን አልነበረም።

ጥር 2022 ላይ ደግሞ ንጋኑ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሲሪል ጋን ጋር ሲገጥም በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተበለጠ፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፦ ያ የቡጢ ሰው እየታገለ ጋንን ይጥለው ጀመር፤ በነጥብም አሸነፈ። ደብተሬ ላይ «ንጋኑ፣ በዝረራ» ይላል። ማንን አውቄያለሁ፤ በምንን ስቻለሁ። ግማሽ ነጥብ ለራሴ ሰጠሁ።

ሰዓትን መሳት

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ስንቱን አስቆጭታለች። የላስ ቬጋስ የቅዳሜ ምሽት ዋና ዋና ፍልሚያዎች እስከ 2025 ድረስ ብዙውን ጊዜ ይጀምሩ የነበሩት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ከምሽቱ 10 ሰዓት ነው። ይህ በእኛ ሰዓት፣ በበጋቸው እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሆን ነበር፤ የሌሊቱ የመጨረሻ ፍልሚያ ደግሞ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዘግይቶ ይመጣ ነበር። አቡ ዳቢ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ሀቢብ ኑርማጎሜዶቭ 29ኛ ድሉን አግኝቶ በተሰናበተበት የጥቅምት 2020 ሌሊት ዋናዎቹ ፍልሚያዎች ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጀምረዋል፤ እራት በልቶ የሚታይ ነበር። የተፋላሚውን ሰውነት የሚጫነው የቦታው ከፍታም እንደዚሁ ይረሳል። ሶልት ሌክ ሲቲ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ሌሊት ስንቱ ተፋላሚ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ አየን። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን «ከፍታ» ብሎ መጥራት ያስቃል፤ ከባሕር ጠረፍ ለመጣ ሳንባ ግን ቀልድ አይደለም።

ነጥቡን ሳያውቁ «ተዘረፈ» ማለት

ካለቀ በኋላ የሚሠራው የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ሦስት ዳኞች እያንዳንዱን የአምስት ደቂቃ ዙር ለብቻው ይዳኛሉ፤ ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣሉ። መጀመሪያ የሚታየው ምቱና ትግሉ ምን ያህል ውጤት እንዳመጣ ነው። ወደፊት መገስገስ የሚቆጠረው በዚህ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ቦታን መቆጣጠር ደግሞ ከዚያም በኋላ ይመጣል። አንዱን ዙር በፀጉር ስፋት ያሸነፈና በሰፊው ያሸነፈ ሁለቱም 10 ለ9 ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በአጠቃላይ ብዙ የመታ ሰው ሊሸነፍ ይችላል።

የካቲት 2020 ሂውስተን ላይ ጆን ጆንስ ከዶሚኒክ ሬየስ ጋር ሲፋለም ብዙ ተመልካች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ለሬየስ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ለጆንስ ሰጠ። ሁለት ዳኞች 48 ለ47 ለጆንስ ጻፉ፤ ሦስተኛው 49 ለ46። እኔ ሬየስ አሸንፏል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የመጀመሪያው ውጤት ቢያከራክርም ለ49 ለ46 ግን እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘሁለትም። ይህን የምለው ግን ዙር በዙር በራሴ እጅ ጽፌ ስለነበር ነው። የአስተያየት ሰጪዎችን ድምፅ አጥፍቶ ለመጻፍ መሞከር ዓይን ይገልጣል፤ ድምፃቸው ሲጠፋ የሚያደንቁት ምት መፋለሚያውን የከበበው አጥር ላይ ያረፈ መሆኑ ይታያል።

«ድሮም አውቄ ነበር» እና «ዕድል ነው»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ኤድዋርድስ ኡስማንን በዘረረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንን እርግጫ አስቀድሞ ያላየ ሰው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ምልክቶች ነበሩ፦ በመጀመሪያው ዙር ኤድዋርድስ ኡስማንን መሬት ጥሎታል፤ ከዚያ በፊት በዩኤፍሲ ይህን ያደረገበት አልነበረም። ግን ከአራት ዙር በኋላ ሦስቱም ዳኞች 39 ለ37 ለኡስማን ጽፈው ነበር። ግምቴ ለ24 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ትክክል ነበር ማለት ነው። ለመልእክቴ ግን ሰበብ አይሆናትም።

ሌላኛው ጩኸት «ዕድል ነው፤ በድጋሚ ቢገጥሙ አይደገምም» የሚለው ነው። ይህን ደግሞ የድጋሚ ፍልሚያዎች በአንድ ድምፅ አይመልሱትም። ማት ሴራ በ2007 ጆርጅ ሴንት ፒየርን ዘረረ፤ በተከታዩ ዓመት ሞንትሪያል ላይ ሴንት ፒየር በሁለተኛው ዙር ጨረሰው። ጁሊያና ፔንያ ታኅሣሥ 2021 ላይ አማንዳ ኑኔስን አንቃ እጅ አሰጠች፤ ከሰባት ወር በኋላ ኑኔስ አምስት ዙር ሙሉ አሳየቻት። ኤድዋርድስ ግን መጋቢት 2023 ለንደን ላይ ኡስማንን እንደገና ገጠመ፤ አጥር በመያዙ አንድ ነጥብ ተቀንሶበት እንኳ ሁለት ዳኞች 48 ለ46 ሰጡት፤ ሦስተኛው 47 እኩል አለ። እርግጫው አንድ ጊዜ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን አልነበረም።

ለለንደኑ ፍልሚያ ደብተሬ ላይ የሰፈረው «ኡስማን፣ በነጥብ፣ ከአስር ስድስት» ይላል። ለጓደኛዬ አልጻፍኩለትም። እሱ ግን በመጀመሪያው ዙር መሐል የድሮዋን መልእክት ልኮልኝ ነበር።