የከተማን ታሪክ በነዋሪዎች ትዝታ መንገር፦ የወለል ካርታ አሠራር

አሳታፊ የኪነ ጥበብ ሥራ ሠዓሊው ብቻውን ጨርሶ ለተመልካች የሚያቀርበው ሥራ አይደለም፤ ትዝታውን የሰጠው ሰው እጅ ጭምር ሊያርፍበት ይገባል። የከተማን ታሪክ በነዋሪዎች አንደበት ለመንገር ከሚያገለግሉ መንገዶች ሁሉ የወለል ካርታን፣ ማለትም ወለል ላይ ተዘርግቶ ነዋሪዎች ራሳቸው የሚጽፉበትን ካርታ፣ የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን የዲስትሪክት ሲክስን ሰፈር የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ) መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ለነጮች ብቻ ብሎ ካወጀው በኋላ ከ60,000 በላይ ሰዎች ተፈናቅለው ቤቶቻቸው ፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በተከፈተው የሰፈሩ ሙዚየም ወለል ላይ ግን ትልቅ ካርታ ተዘርግቶ፣ የቀድሞ ነዋሪዎች ቤታቸው የነበረበትን ቦታ እየፈለጉ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈውበታል።

ስትጀምሩ ከተማውን በሙሉ ለመያዝ አትሞክሩ፤ በእግር በግማሽ ሰዓት የሚቋረጥ አንድ ሰፈር ይበቃል። በወፍራም ሸራ ላይ ዋና ዋና መንገዶችን፣ ወንዝና ድልድይ ካለም እነርሱን፣ እንዲሁም ሁለት ሦስት የታወቁ ሕንፃዎችን ብቻ ሥላችሁ ሌላውን ባዶ ተዉት፤ ካርታው አስቀድሞ ከሞላ፣ የመጣው ሰው የሚጨምረው ነገር ያለ አይመስለውም። ተንበርክከው መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ጠረጴዛ ላይ የሚጻፍበትና በኋላ ካርታው ላይ የሚሰፋ ቁራጭ ጨርቅ አዘጋጁ።

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በጥያቄው ነው። «ስለ ከተማው ምን ያስታውሳሉ?» የተባለ ሰው የሚመልሰው ሁሉም ሰው የሚለውን ነው። በዚህ ፈንታ «በልጅነትዎ ከቤት ተነሥተው ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ያለውን መንገድ ይምሩኝ» ብትሏቸው፣ በሐሳባቸው መራመድ ይጀምራሉ። ውሻ ስላለበት ተሻግረው የሚያልፉት አጥር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት የሱቅ ደጃፍ፣ የሱቁ ባለቤት ከውስጥ የሚጣራበት ድምፅ ተራ በተራ ይመጣል። ዝም ሲሉም ቶሎ ሌላ ጥያቄ አታስከትሉ፤ ዋናው ነገር የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነውና። ደግሞም የቤት ባለቤቶችን ብቻ እንዳትሰሙ ተጠንቀቁ፤ ተከራዮች፣ የቤት ሠራተኞችና የሌሊት ጥበቃዎች ሌላው ሰው የማያውቀውን ከተማ ያውቃሉ።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቦታ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ለማስታረቅ አትድከሙ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ። የጣሊያን የብረት ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ቴርኒ፣ ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለው ወጣት ሠራተኛ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1949 የምዕራባውያን የጦር ኅብረት የሆነውን ኔቶን በመቃወም በተካሄደ ሰልፍ ላይ ነበር። የቃል ታሪክ ተመራማሪው አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ካነጋገራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን ሞቱን ያስታወሱት ሠራተኞች ከፋብሪካው በጅምላ ሲባረሩ እ.ኤ.አ. በ1953 ከተነሣው ሁከት ጋር አያይዘው ነበር። የተሳሳተው ዓመት የሥራ ማጣቱ ቁስል ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ይናገራል። ስለዚህ ከሰነድ የተገኘውን ዓመት በሌላ ቀለም አጠገቡ አስፍሩ እንጂ የነዋሪውን ቃል አትሰርዙ።

ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፦ አንዴ ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት፣ ሁለተኛ ደግሞ ለእይታ የሚቀርበውን ክፍል ለባለቤቱ ካነበባችሁለት በኋላ። አንዳንዶች በንግግር መሐል የጎረቤትን ምስጢር ያወጣሉ፤ በነጋታው ግን ይጸጸታሉና ሁለተኛው ፈቃድ በተለየ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ስማቸው እንዳይጠቀስ የሚፈልጉ ሰዎች ቦታውን ብቻ ምልክት ያድርጉ።

ካርታው በተቻለ መጠን እዚያው ሰፈር ውስጥ ይዘርጋ፤ በመክፈቻው ቀንም ብዕሩን ከካርታው አጠገብ አታርቁ፣ ሊያዩ የመጡትም ይጻፉበት። ከዚያም ሸራውን ከላይ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ፣ የድምፅ ቅጂዎቹን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪም የራሱን ቅጂ፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ማንን ማነጋገር እንዳለበት ከሚገልጽ ወረቀት ጋር ስጡት።