ለሶላር ፓነል ዳዮድ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው፤ ፓነሉ የሚያመነጨውን ኃይል አይጨምርም። ሥራው ጥላ የሚያስከትለውን ኪሳራ መቀነስና ሴሎቹን ከመቃጠል ማዳን ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከፓነሉ ጀርባ ያለውን የጃንክሽን ቦክስ (የሽቦዎቹ መገናኛ ሳጥን) ክዳን ከፍተው ይመልከቱ፤ ምናልባት ከፋብሪካ ተገጥሞ ይሆናል። ባለ 36 ሴል ፓነል አብዛኛውን ጊዜ 2፣ ባለ 60 ሴል ደግሞ 3 ዳዮድ አለው።

እነዚህ ባይፓስ ዳዮዶች ናቸው። ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ላይ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ ሲያርፍ የቀሩት ከረንቱን በግድ በእሱ በኩል ይገፋሉ። ያ ሴል ማመንጨቱ ቀርቶ ኃይል በላተኛ ይሆናል፤ ይግላል፣ ሽፋኑ ይጠቁራል፣ ሲብስም መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከሴሎቹ ጋር በትይዩ የታሰረ ዳዮድ ካለ ግን ከረንቱ የተከለለውን ክፍል ዘሎ ያልፋል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ተርሚናል ብቻ ካለና ፓነሉ ብቻውን የሚሠራ ከሆነ፣ በመውጫው ላይ ባይፓስ መግጠም ምንም አይጠቅምም። ጥቅሙ የሚታየው ፓነሎች እርስ በርስ በተከታታይ ሲያያዙ ነው።

ብሎኪንግ ዳዮድ በፖዘቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ ይገባል፤ ማታ የባትሪው ኃይል ወደ ፓነሉ እንዳይመለስ ይከለክላል። ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካለዎት ግን ይተዉት፤ ኮንትሮለሩ ይህን ራሱ ይሠራል። 6 አምፔር የሚያልፍበት ዳዮድ 0.5 ቮልት ቢይዝ 3 ዋት በከንቱ ሙቀት ይሆናል። ሦስትና ከዚያ በላይ የፓነል መስመሮች በትይዩ ሲገናኙም ዋናው መከላከያ በየመስመሩ የሚገባ ፊውዝ ነው።

ለመምረጥ ከፓነሉ ጀርባ ሁለት ቁጥር ያንብቡ፦ የሾርት ሰርኪዩት ከረንት (Isc) እና የኦፕን ሰርኪዩት ቮልቴጅ (Voc)። ባለ 100 ዋት የ12 ቮልት ፓነል ወደ 6 አምፔርና 22 ቮልት ገደማ ይኖረዋል። ከረንቱን በ1.5፣ ቮልቴጁን በ2 ያባዙ፤ 9 አምፔርና 44 ቮልት ይመጣል። 10 አምፔርና 45 ቮልት የሚችለው 10ኤስኪው045 የተባለው ሾትኪ ዳዮድ (አነስተኛ ቮልቴጅ ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ይበቃል። ተራ የሲሊኮን ዳዮድ ከ0.7 እስከ 1 ቮልት ስለሚይዝ የበለጠ ይግላል። 1ኤን5408 ደግሞ 1000 ቮልት መቻሉ አያታልልዎት፤ የሚሸከመው 3 አምፔር ብቻ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦

1. ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ፣ ፊቱንም በካርቶን ይሸፍኑ። ፀሐይ ላይ ያለ ፓነል ማጥፊያ የለውም።

2. አዲሱን ዳዮድ በመልቲሜትር የዳዮድ መለኪያ ይፈትሹ። ቀዩ ሽቦ የዳዮዱ አካል ላይ የተቀባው መስመር በሌለበት እግር፣ ጥቁሩ መስመር ባለበት በኩል ሲሆን ሾትኪ 0.2 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሲገለበጥ ኦኤል (OL፣ ከረንት አያልፍም ማለት ነው) ይላል።

3. ባይፓስ ከሆነ መስመር ያለበትን እግር ወደ ፖዘቲቩ፣ ሌላውን ወደ ኔጋቲቩ ይበይዱ። ከተገለበጠ ፓነሉ በራሱ ዳዮድ ሾርት ሆኖ ከ1 ቮልት በታች ይሰጣል። ብሎኪንግ ከሆነ መስመሩ ወደ ባትሪው ይዞራል።

4. ዳዮዱን በቴፕ አይጠቅልሉት፣ ከፕላስቲኩ ጋርም አያጣብቁት፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ክዳኑን ሲመልሱ ውኃ መከላከያ ጎማው በቦታው መሆኑን ያረጋግጡ።

5. ካርቶኑን አንስተው ምንም ሳይገናኝ ቮልቴጁን ይለኩ።

22 ቮልት መስጠት የሚገባው ፓነል በደማቅ ፀሐይ 11 ብቻ ካሳየ ከሁለቱ ዳዮዶች አንዱ ሾርት ሆኗል ብለው ይጠርጥሩ። በባለ 60 ሴል ደግሞ ከ37 ወደ 25 ይወርዳል። መንስኤው መብረቅ ወይም ባትሪ ተገልብጦ መገናኘቱ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮለር በሌለበት ባትሪው ሲገለበጥ ባይፓሶቹ ሁሉ ወደፊት ይከፈቱና የባትሪው ከረንት ያለ ገደብ ያልፍባቸዋል።

የተበጠሰ ዳዮድ ግን በቮልቴጅ አይታወቅም፤ ፓነሉ ጤነኛ መስሎ ይሠራል፣ ጥላ ሲመጣ ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ፓነሉን ነቅለው ማታ በጨለማ ይለኩ፤ ጥቂት ብርሃን እንኳ ንባቡን ያዛባል። በሁለቱም አቅጣጫ ኦኤል የሚያሳየውን ይቀይሩት።