ካች ካን ስትገዙ አትሳሳቱ፦ ለደብረ ብርሃን ብርድና ለጣርማበር ዳገት

ሰሞኑን ቱርቦ ያለው መኪና የያዘ ልጅ ሁሉ ካች ካን (ከሞተር የሚተነፍሰውን የዘይት ጭጋግ የሚያጠምድ ጣሳ) ካልገጠምኩ ብሎ ተነሥቷል። ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም። የሚያናድደኝ አመራረጣቸው ነው። ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ኮፈኑ ሲከፈት ያምራል። ውስጡ ምን አለው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

ለማያውቅ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሞተር ሲሠራ ትንሽ ጋዝ በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በኩል ሾልኮ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ይሄ ጋዝ የዘይት ጭጋግ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና እንፋሎት ይዞ በመተንፈሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። እዚያ ኢንተርኩለሩን፣ ማለትም ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን፣ ዘይት በዘይት ያደርገዋል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ በሚረጭባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ጣጣው ይብሳል። የማስገቢያውን ቫልቭ ጀርባ የሚያጥበው ቤንዚን ስለሌለ ዘይቱ እዚያው ይጋገራል። ካች ካን መሃል ላይ ገብቶ ዘይቱንና ውሃውን ያስቀራል። ሥራው ይኸው ነው።

ባዶ ቆርቆሮ መግዛት

አንድ ልጅ ቱርቦ ሱባሩ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ካች ካን አስገጥሜም ኢንተርኩለሩ አሁንም ዘይት በዘይት ነው" አለኝ። ፈታሁት። ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አለ፣ ከሥሩ ምንም የለም። ጋዙ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጣቴን ግርጌው ላይ ባዞረው ስስ ቅባት ብቻ ነው የነካኝ። የመውጫውን ቱቦ ወደ ታች ስይዘው ግን ዘይቱ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ልጁ ዝም ብሎ ያየዋል። የከፈለበትን ዋጋ አልጠየቅሁትም፣ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ወንድሞቼ፣ ዘይቱ የሚመጣው በጭጋግ መልክ ነው። ጭጋግ የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ አይጠራቀምም። ስለዚህ ጋዙን አቅጣጫ የሚያስቀይረው ግድግዳ ውስጡ ይኑር። ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ የማይዝግ የሽቦ መረብ ወይም ማጣሪያ ይኑር። ከታች ደግሞ የተጠራቀመው ዘይት ተመልሶ እንዳይመጠጥ የሚከልል ወለል ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ የገዛችሁት ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ክዳኑን ክፈቱልኝ በሉ። አይከፈትም ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የማይከፈት ዕቃ አይታጠብም እኮ!

የባሰም አይቻለሁ። ባዶ መሆኑን ሲያውቁ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይጠቀጥቁበታል። ያ ሽቦ ይበጣጠሳል። ቁራጩ በመውጫው ተስቦ ሄዶ በሚሊዮን የሚሽከረከር እስኪመስል የሚከንፈውን የቱርቦ ክንፍ ያገኘዋል። ሺህ ብር ለማዳን ቱርቦ ማቃጠል ይሉታል ይሄንን።

ብርዱን መርሳት

አንዳንዱ ካች ካኑን ንፋስ እንዲያገኝ ብሎ ከራዲያተሩ ፊት ያስረዋል። ሐሳቡ ስህተት አይደለም። የቀዘቀዘ ካች ካን የበለጠ ያጠምዳል፣ ሞቃቷ ሸዋ ሮቢት ላይ ደስ ብሎት ይሠራል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የሚጠመደው ደግሞ ዘይት ብቻ አይደለም፣ ውሃም ነው። በተለይ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት እያለ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና ላይ ውሃው ይበዛል።

ይሄ ውሃ ቱቦው ረግቦ በተንጠለጠለበት ቦታ ይተኛል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል። ጠዋት መኪናው ሲነሣ ጋዙ መውጫ ያጣል። ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ደካማ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ደንበኛዬ በእንዲህ ያለ ጠዋት አስነሥቶ ሳያሞቅ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ረገጠው። ከከተማው ሳይወጣ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሣ። ሲከፍተው የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ወጥቶ፣ ዘይቱ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተረጭቶ ነበር። እሱስ ዕድለኛ ነው። ዘንጉ ባይወጣ ኖሮ የክራንኩ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) ይፈነዳ ነበር፣ ያን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ ማውረድ አለ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ለኩ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ሙቀት በሚደርስበት፣ ግን ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ የሚቀመጥ መጠን ምረጡ። ቱቦው አጭር ይሁን፣ ወደ ካች ካኑ ያዘቅዝቅ፣ መሃል ላይ አይርገብ። ሲዘጋ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።

በነገራችን ላይ፣ በብርድ ወራት ስትከፍቱት ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ። ውሃና ዘይት ተመትቶ ነው። ይሄን አይቶ "ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታው ይውረድ" (የሞተሩ ራስ ይፈታ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ተበላሽቷል) የሚል መካኒክ ከመጣ ቁልፉን እንዳትሰጡት። መጀመሪያ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል ወይ? መለኪያው ላይ ያለው ዘይትስ ነጥቷል ወይ? ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብርዱ ነው።

አንዱን መንገድ ብቻ መያዝ

የቤንዚን ቱርቦ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚተነፍሰው በሁለት በኩል ነው። እግር ከነዳጅ ሲነሣ ጋዙ በፒሲቪ ቫልቩ (የኮፓው ጋዝ መተንፈሻ ቫልቭ) በኩል አየር ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ይሳባል። ቡስት (የቱርቦው የአየር ግፊት) ሲመጣ ያ ቫልቭ ይዘጋና ጋዙ በሌላው ቱቦ ወደ ቱርቦው መግቢያ ይዞራል። የእኛ መንገድ ደግሞ ሁለቱንም ያሠራል። ጣሊያን ከቆፈረው የጣርማበር ዋሻ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥታችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ትይዛላችሁ፣ መሳቡ ይበረታል። ስትመለሱ ደብረ ሲናን ካለፋችሁ ጀምሮ ቡስት ነው። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት ለሁለቱም መስመር መግቢያ እንዳለውና የማይመልስ ቫልቭ አብሮት እንደሚመጣ ነው።

መጠኑም ከዚሁ መንገድ ጋር ይያያዛል። ከግማሽ ሊትር ያነሰ አትግዙ። ትንሿ ቶሎ ትሞላለች፣ ከሞላች በኋላ ጠመዝማዛው ላይ ዘይቱ ተንጦ ይመጠጣል። ናፍጣ ሞተር ዘይት ከጠጣ ደግሞ ያንኑ ዘይት እያቃጠለ በራሱ ይጮኻል፣ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይቆምም። ማንዋል ከሆነ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማፈን ይቻላል።

የራዲያተር ቱቦ አትጠቀሙ፣ ዘይት ያሳብጠዋል። ዘይት የሚችል ቱቦ ግዙ፣ ፋሼታውንም በደንብ አጥብቁ። የቱቦው ውፍረት ከመኪናው የራሱ መተንፈሻ አይነስ።

ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ማጣሪያ ያለው፣ ወደ ውጭ የሚተነፍሰው ዓይነት የእሽቅድምድም መኪና ዕቃ ነው። ከተማ ውስጥ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። ደግሞም የሚገጥሙት ሰዎች ወደ አየር ማስገቢያው ይሄድ የነበረውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ይተዉታል። አየር መለኪያ ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር ይገባና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ካንዴላ ቀይርልኝ እያሉ ይመጣሉ።

የተጠራቀመውን መልሳችሁ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ። ደብረ ብርሃን ያለው የበሬሳ ወንዝ ላይም አትድፉ።

የመጨረሻው ስህተት፣ ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ካች ካን መግጠም ነው። አንድ የሃይሉክስ ባለቤት ከአጣዬ ደርሶ መልስ ካች ካኑ ግጥም ብሎ ሞላበት። "ጥሩ ያጠምዳል" ብሎ ደስ ብሎት ሊያሳየኝ መጣ። የሲሊንደሮቹን ግፊት ስንለካ ሁለቱ ወድቀዋል። ፋሻው አልቆ ነበር።