ላፕቶፕን በስልክ ዳታ ማገናኘት፣ ጥቅሉ ሳያልቅ

ማገናኘቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚከብደው ሥራው ሳያልቅ ጥቅሉ እንዳያልቅ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ጥቅል ግዙ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ በሳፋሪኮም *777#። ጥቅል ሳይኖር ዳታ ከተከፈተ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል፣ ካርዱም ሳይታወቅ ያልቃል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ቢሆንም ለቀን ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ ሆትስፖት፣ ማለትም የስልኩን ዳታ በዋይፋይ ለላፕቶፑ ማካፈያውን፣ መክፈት ነው። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ»፣ በአይፎን «ፐርሰናል ሆትስፖት» ይባላል። ፓስዎርዱ ከ8 ፊደል አይነስ፤ ካፌ ውስጥ ያለ ፓስዎርድ መክፈት ጥቅልን ለጎረቤት ጠረጴዛ ማከፋፈል ነው። የስልኩ ስም ላፕቶፑ ላይ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ «ባንድ» የሚባለው የዋይፋዩ ሞገድ ነው። ቆየት ያሉ ላፕቶፖች 5 ጊጋኸርዝ አያዩም፣ ስለዚህ ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ቀይሩት። አዳዲስ አይፎኖች ላይ ይህን የሚያደርገው «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ነው።

ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው ግን ገመድ ይሻላል። ስልኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ዳታውን በገመድ የሚያካፍለውን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ስታበሩ ስልኩም ቻርጅ ይደረጋል፣ ግንኙነቱም አይቆራረጥም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ምርጫው አልበራ ካለ ገመዱን ቀይሩ፤ ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ እንጂ ዳታ አያስተላልፉም።

አሁን ዋናው ነገር። ላፕቶፑ ከስልክ መገናኘቱን አያውቅም፤ የቤት ዋይፋይ መስሎት የዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። የአንድ ወር ማሻሻያ ብቻውን ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፣ አንዳንዴም ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። አንድ ኢሜይል ሳይላክ ጥቅሉ ድራሹ የሚጠፋው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ «ሜተርድ ኮኔክሽን» ነው፤ ዳታው የተቆጠረ መሆኑን ለዊንዶውስ የሚነግር ቅንብር ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ገብታችሁ የስልካችሁን ስም ንኩና አብሩት። ይህን ሌላ ነገር ሳትከፍቱ፣ እንደተገናኛችሁ ወዲያው አድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቅንብሩ የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ ኔትወርክ ብቻ ነው። የሆትስፖቱን ስም ከቀየራችሁ ወይም የጓደኛ ስልክ ከተጠቀማችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ። በገመድ ስትገናኙ ደግሞ ዊንዶውስ ስልኩን «ኢተርኔት» ብሎ ስለሚያየው የዋይፋዩ ቅንብር አይነካውም፤ እዚያም ለብቻው ይበራ።

ሜተርድን ሁሉም ፕሮግራም አይሰማም። ፋይል የሚያመሳስሉትን፣ እነ ጎግል ድራይቭን፣ በእጃችሁ አቁሙ። ቴሌግራም ትልቅ ዳታ በሊታ ነው፤ ሴቲንግ፣ አድቫንስድ ውስጥ «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ»ን ለግል፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ ዝጉ። ዙም በቪዲዮ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፣ ካሜራው ሲጠፋ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ማክ ያላችሁ በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ሎው ዳታ ሞድ»ን አብሩ።

ሲግናል ከደከመ ስልኩን መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ ቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም ግንብ ሲግናል ያግዳሉ። ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡት፣ ሲግል ፍጥነቱ ይወርዳል። ስልክ ሲደወልላችሁ ኢንተርኔቱ ቀጥ ካለ አትደንግጡ፤ ብዙ ስልኮች ለጥሪው ከ4ጂ ወደ ታች ስለሚወርዱ ነው፣ ጥሪው ሲያልቅ ይመለሳል። አስፈላጊ ፋይል በምትልኩበት ሰዓት ግን ሁለት ሲም ባለው ስልክ ላይ በሌላው ሲም እንኳ አታውሩ፤ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ እሱም ዳታውን ያቆመዋል።