ለቴአትር ቤት የመድረክ ጀርባ ስራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ? ምንስ እንልበስ?

የማውቃት ልጅ ለመብራት ባለሙያ ረዳትነት ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ጉርድ ቀሚስ በኮት፣ ከታኮ ጫማ ጋር ለብሳ ሄደች። ቢሮ ውስጥ የተጠየቀችውን ሁሉ በደንብ መለሰች። ከዚያ ኃላፊው "በይ ነይ፣ መድረኩን ላሳይሽ" ብሎ ተነሳ። መሰላሉ ስር ሲደርሱ "እስቲ ያቺን መብራት ትንሽ ወደ ግራ አዙሪያት" አላት። ቀሚሷን ይዛ ቆመች። ችሎታው ነበራት፣ ልብሷ ነው የያዛት። በዚህ ምክንያት ሌላ ሰው ዕድሉ እንዳያመልጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቴአትሩን እዩ

ከቀጠሮው በፊት ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ። ብሔራዊም ይሁን ሀገር ፍቅር፣ የምታመለክቱበትን ቤት ስራ ሳታዩ አትሂዱ። ስታዩ ታሪኩ አይውሰዳችሁ። መብራት ጠፍቶ ትዕይንት ሲቀየር ማን ምን ይዞ ገባ? ሶፋው በስንት ሰከንድ ወጣ? ተዋናይዋ ልብስ ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ አገኘች? ማስታወሻ ላይ ጻፉት። "የኛን ቴአትር አይተሃል?" ስትባሉ "አዎ፣ አሪፍ ነው" ከማለት "አልጋው እንደዚያ ቶሎ የወጣው ጎማ ስላለው ነው?" ብሎ መጠየቅ በጣም ይለያል።

የቤቱንም ታሪክ በጥቂቱ እወቁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተመሰረተ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር።

ቀኝና ግራችሁን ለዩ። የመድረክ ቀኝ ማለት መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ተመልካች የሚያየው ተዋናይ ቀኝ ነው። ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ይገለበጥበታል። ቤት ውስጥ ቆማችሁ ተለማመዱት፣ ምክንያቱም "ወደ መድረክ ግራ ውሰደው" ሲባል ማሰቢያ ጊዜ የለም።

አለባበስ

ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰራ ሰው ጥቁር የሚለብሰው መብራት ደብዘዝ ሲል ገብቶ ሲወጣ ተመልካች እንዳያየው ነው። እኛ ዘንድ ግን ጥቁር በጥቁር የሐዘን ልብስ ነው። ከቤት ስትወጡ ጎረቤት "ምነው፣ ምን ሰማችሁ?" ማለቱ አይቀርም። የኔ ምክር፦ ጥቁር ሱሪ፣ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ንጹህ ሸሚዝ። ጥቁር ቲሸርት ደግሞ አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። "ዛሬ ማታ እኛ ጋ ቆይተህ እይ" ከተባላችሁ ቀይሮ መግባት ነው። ሱሪው ቁጢጥ ብላችሁ ብትነሱ የማይጨንቅ ይሁን። ዝቅ ሲሉ ወገብ የሚያሳይም አይሁን።

ጫማ ላይ ግን አትቀልዱ። የመድረክ ወለል ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፣ ስሩም ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ይመልሳል። ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጎማ የሆነ፣ የማያንሸራትት ጫማ ምረጡ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አድርጋችሁት ተራመዱ። እናንተ ራሳችሁ ድምፁን ከሰማችሁት ሌላ ፈልጉ። አዲስ ጫማ ሲጢጥ ሊል ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ልበሱት።

ቀለበት፣ አምባርና ረጅም ሀብል እቤት ይቅር። አምባር ይንሿሿል፣ ቀለበት ሚስማር ላይ ይያዛል፣ ለመብራት ሰው ደግሞ 220 ቮልት አጠገብ ብረት ማድረግ አደጋ ነው። ፀጉር ይታሰር። ነጠላም ሆነ ስካርፍ ጫፉ የሚንጠለጠል ከሆነ መሰላል ላይ ይጠልፋል።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይኑር?

የመንግስት ቴአትር ቤት ከሆነ የትምህርትና የስራ ልምድ ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ ያዙ። ትንሽ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አይጥፋ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያልኩት በቴአትሩ ልምምድ ላይ አዘጋጁ (ዳይሬክተሩ) ሐሳቡን በየቀኑ ስለሚቀይር ነው፤ የቴአትሩ ጽሑፍ ላይ ያሰፈራችሁት ምልክት መጥፋት መቻል አለበት። ለመብራትና ለዲኮር የምትወዳደሩ ካቻቢቴና ናስትሮ ብትይዙ ማንም አይስቅባችሁም። የሰራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ። የትምህርት ቤት ድራማ ላይ ድምፅ ማጫወት፣ ለሰፈር ዝግጅት ልብስ መስፋት፣ ሁሉም ልምድ ነው።

ጥያቄው

"በትዕይንት መሃል መብራት ቢሄድስ?" መባል አይቀርም። ሮጬ ጄኔሬተር አስነሳለሁ አትበሉ። በጨለማ የሚሮጥ ሰው ተዋናይ ይጥላል። ባለሁበት እቆማለሁ፣ ባትሪዬን ወደ ወለል አበራለሁ፣ የመድረክ መሪውን ትዕዛዝ እጠብቃለሁ፣ ተዋናዮቹ በደህና እንዲወርዱ እረዳለሁ በሉ። የማታውቁት መሳሪያ ከተጠቀሰ "አልሰራሁበትም፣ ግን አሳዩኝ" ማለት ይበቃል።

ስልካችሁን ሳይለንት ላይ ሳይሆን ጭራሽ አጥፉት፤ ብርሃኑም ጨለማ ውስጥ ይታያል። ከመድረክ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዕቃ ካያችሁ እጃችሁ አይንካው። ብርጭቆው አንድ ስንዝር ከቦታው ቢርቅ ተዋናዩ በጨለማ እጁን ሲዘረጋ አያገኘውም።

ከመውጣታችሁ በፊት እናንተም ጠይቁ፦ በዓል ላይ ይሰራል ወይ? ትርኢቱ ማታ ስንት ሰዓት ያልቃል? ሰርቪስ አለ ወይ?